«መርከብ ላይ ሥራ አለ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ የትኛው መርከብ? የማን?

ከዊንጌት አደባባይ እስከ አየር ጤና፣ ከወይራ ሰፈር እስከ ዓለም ባንክ ስልክ የያዘ ሰው ይህን ዓይነት ቪዲዮ ሳያየው አይቀርም። ነጭ መርከብ፣ ጸጥ ያለ ሰማያዊ ውሃ፣ ትሪ የያዘ አስተናጋጅ፣ ከጀርባው በረዶ የለበሰ ተራራ። ኮመንቱ ውስጥ ገባ ስትሉ «ከኢትዮጵያም እየወሰዱ ነው፣ ኢንቦክስ» የሚል አይጠፋም። ኢንቦክስ ላደረገ ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው «የመመዝገቢያ» የሚባል ብር ነው።

ሥራው በእውነት አለ ወይ? አለ። የፊሊፒንስ፣ የህንድና የኢንዶኔዥያ ልጆች ለረጅም ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ከአፍሪካም የደቡብ አፍሪካ፣ የሞሪሽየስና የኬንያ ልጆች አሉበት። ስለዚህ «ውሸት ነው፣ እርሱት» ብሎ መዝጋት አይሆንም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ስድስት ሰባት ወር ባሕር ላይ ልትኖሩ ነው እንበል። የትኛው ኩባንያ ይሻላል? ይህን በምን ታውቃላችሁ?

ሀብታሙ ተሳፋሪ ለረጅም ጉዞ የቅንጦት መርከብ ሲመርጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። መርከቡ ስንት ሰው ይይዛል? ባለቤቱ ማነው? የት የት ይሄዳል? ሐኪም አለው? ገርሞኝ ነው እንጂ፣ እነዚሁ ጥያቄዎች ትሪ ለሚይዘውም ልጅ እኩል ይሠራሉ። ልዩነቱ እሱ ቢሳሳት የሚበላሽበት ዕረፍቱ ነው። የሰፈራችን ልጅ ቢሳሳት ግን የሚሄደው የእናት ዕቁብ ነው።

«ትንሽ» ሲባል ምን ያህል ነው?

መጀመሪያ ትልቁን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ተብሎ ሲታሰብ 5,610 ተሳፋሪ ይይዛል፤ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ እስከ 7,600 ይደርሳል። ሠራተኛው ብቻ 2,350 ነው። ይሄ መርከብ ሳይሆን ውሃ ላይ የተቀመጠ ኮንዶሚኒየም ሳይት ነው።

ትናንሾቹ የቅንጦት መርከቦች ሌላ ዓለም ናቸው። «ሲድሪም» የሚባለው ኩባንያ ሁለት መርከብ ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ 112 ተሳፋሪ ይጭናል፣ ሠራተኛው ወደ 95 ይጠጋል። የ«ዊንድስታር» ባለ ሸራ መርከብ «ዊንድ ስታር» 148 ሰው ይይዛል። የሪትዝ ካርልተን ሆቴል ስም ያለበት «ኤቭሪማ» 298። የ«ሲልቨርሲ» ንብረት የሆነው «ሲልቨር ኦሪጂን» ደግሞ 100 ብቻ፤ ምክንያቱም የሚሠራው ጋላፓጎስ ደሴቶች ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ አንድ መርከብ ከ100 በላይ ቱሪስት እንዲይዝ አይፈቀድም።

አንታርክቲካም ተመሳሳይ ነገር አለ። የአስጎብኚ ድርጅቶቹ ማኅበር ባወጣው ደንብ በአንድ ጊዜ የብስ ላይ መውረድ የሚችለው 100 ሰው ብቻ ነው፤ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ጭራሽ ማንንም አያወርድም። ሰው ብዙ እጥፍ ከፍሎ ትንሽ መርከብ የሚመርጠው ለዚህ ነው። ትልቁ መርከብ በሩቅ የሚያሳየውን ትንሹ ያስረግጣል።

(በነገራችን ላይ እኛ ባሕር ባይኖረንም መርከብ አናውቅም ማለት አይደለም። «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በየብስ፣ በተሽከርካሪ ተጭና ስትመጣ አገር ሁሉ በስልኩ ሲከታተል ነበር። መርከብ በአስፋልት ያመላለሰ ሕዝብ ነን።)

ለሠራተኛ ትንሽነቱ ምን ማለት ነው? እንግዳና ሠራተኛ ቁጥራቸው ሊቀራረብ ነው ማለት ነው። አስተናጋጁ የእንግዳውን ስም፣ ቡናውን እንዴት እንደሚጠጣ፣ የትኛውን ወንበር እንደሚወድ በሁለተኛው ቀን እንዲያውቅ ይጠበቃል። ስለዚህ ጀማሪ አይፈልጉም። እንደ ሸራተን፣ ሃያት ወይም ስካይላይት ባለ ትልቅ ሆቴል፣ ወይ ዱባይና ዶሃ ሆቴል ውስጥ የተሠራ ልምድ፣ ከዚያም በላይ ሳይደናቀፍ የሚወጣ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። «ልምድ አያስፈልግም፣ ቋንቋ አያስፈልግም፣ ደመወዝ በዶላር» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ስለ ትንሽ የቅንጦት መርከብ እያወራ እንዳልሆነ እዚያው ታውቃላችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ትልልቆቹ መርከቦች በራቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ሰዉ ስለሚበዛ ቦታውም ይበዛል።

ባለቤቱ ማነው? ኪሱስ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። ምክንያቴ «ክሪስታል ክሩዝስ» ነው።

ክሪስታል ከ30 ዓመት በላይ ስም የነበረው፣ ሽልማት የሚያፍስ የቅንጦት ኩባንያ ነበር። ባለቤቱ «ጌንቲንግ ሆንግ ኮንግ» የሚባል ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ላይ ድርጅቱ በዕዳ ተዘፈቀ። በዚያው ሳምንት «ክሪስታል ሲምፎኒ» እንግዶቿን ይዛ ወደ ማያሚ እየተመለሰች ነበር። የነዳጅ አቅራቢ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልተከፈለኝም ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ ኖሮ፣ የአሜሪካ ዳኛ መርከቧ እንደደረሰች እንድትያዝ ትእዛዝ ሰጠ። መርከቧ ምን አደረገች? ማያሚን ትታ መንገዷን ቀየረችና ባሃማስ፣ ቢሚኒ ደሴት ገባች። ተሳፋሪዎቹ በሌላ ጀልባ ወደ ፍሎሪዳ ተወሰዱ። ሠራተኛው ግን መርከቧ ላይ ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሃማስ ውስጥ መርከቧ ተያዘች፣ ኩባንያውም ተዘጋ።

አስቡት። ሻምፓኝ ሲቀዳ፣ ፒያኖ ሲመታ የነበረበት መርከብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዕዳ የሚፈለግ ንብረት ሆነ። ከውጭ ሲታይ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም። በኋላ መርከቦቹን የገዛው ቤተሰቡ ሲልቨርሲን የመሠረተው ጣሊያናዊ ባለሀብት ማንፍሬዲ ለፌቭር ያለበት ቡድን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሥራ ጀምረዋል። ስሙ ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌላ።

ስለዚህ የመርከቡን ፎቶ ከማየት በፊት ከጀርባው ያለውን ማየት ነው። «ሲልቨርሲ» ዛሬ የሮያል ካሪቢያን ግሩፕ ንብረት ነው። «ሲቦርን» የካርኒቫል። የፈረንሳዩ «ፖናን» የፒኖ ቤተሰብ፣ ማለትም የጉቺ ባለቤቶች ዘንድ ነው። «ሊንድብላድ» በአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ስለተመዘገበ ሒሳቡን ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። ትልቅ ባለቤት ዋስትና አይደለም፤ ጌንቲንግም ትንሽ አልነበረም። ቢሆንም ባለቤቱን ማወቅ የማትችሉት ኩባንያ ከሆነ ግን ቀድሞውኑ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ለሠራተኛ አንድ መከላከያ አለ። «ኤምኤልሲ 2006» የሚባል ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስምምነት መርከቦች ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቢጣል የሚከፍል ዋስትና መያዝ ግዴታቸው ነው። ባለቤቱ ሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ፣ ወይም ምግብና መመለሻ ከከለከለ «ተጥሏል» ይባላል። ዋስትናው እስከ አራት ወር ያልተከፈለ ደመወዝና የመመለሻ ትኬት ይሸፍናል። የዋስትናው ወረቀት ደግሞ ሠራተኛ በሚያየው ቦታ መርከቡ ላይ መለጠፍ አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት «የዋስትና ሰጪው ስም ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ቀጣሪ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይደነግጥም።

ጉዞው በረዘመ ቁጥር

አጭር ጉዞ ላይ ስህተት ይታለፋል። ረጅም ላይ ግን ይጎዳል። «ላይፍ አት ሲ» የሚባል የሦስት ዓመት ጉዞ ተብሎ ትኬት ተሽጦ ነበር፤ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ከኢስታንቡል ሊነሳ። ሰው ቤቱን ሸጦ፣ አከራይቶ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ጠበቀ። ኩባንያው ለካ መርከቡን ገና አልገዛውም! ሊገዛው ያሰበውን መርከብ ሌላ ኩባንያ ወሰደው፣ ጉዞውም ተሰረዘ። በዓመቱ «ቪላ ቪ ኦዲሲ» የምትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራች መርከብ ለተመሳሳይ የዓመታት ጉዞ ተሳፋሪዎቿን ጠራች፤ በጥገና ምክንያት ቤልፋስት ወደብ ላይ አራት ወር ያህል ቆማ በመስከረም 2024 መጨረሻ ነው የተነሳችው።

ሁለቱ ታሪኮች ስለ ተሳፋሪ ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ የቆመ መርከብ ላይ የሚቀጠር ሠራተኛም አለ። «መርከቡ ሊገዛ ነው»፣ «መርከቡ ሊታደስ ነው» የሚል ቀጣሪ ላይ ሥራ አትልቀቁ። ያለ፣ እየተንቀሳቀሰ ያለ መርከብ ስም ይስጣችሁ።

መስመሩም ወሳኝ ነው። ከኅዳር 2023 ጀምሮ ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መምታት ሲጀምሩ ብዙ የመዝናኛ መርከቦች እኛ አጠገብ ያለውን መንገድ ትተው አፍሪካን ዞረው በደቡብ አፍሪካ በኩል ሄደዋል። ይህ ማለት ረጅም የባሕር ቀናት፣ ለሠራተኛ የብስ የማይታይበት ሳምንት ነው። የበረዶ መስመርም የራሱ ጣጣ አለው። ለአንታርክቲካ ጉብኝት ተብሎ ከተሠሩት የመጀመሪያው የነበረው «ኤክስፕሎረር» በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. እዚያው በረዶ መትቶት ሰጠመ። በላዩ የነበሩት 154 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ተረፉ፤ ለሰዓታት ግን ክፍት ጀልባ ላይ በብርድ ቆይተዋል። ትንሽ መርከብ ማዕበል ላይ ከትልቁ በላይ እንደሚናጥም አትርሱ። ታክሲ ውስጥ የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ሜዲትራኒያን ይሻላችኋል።

ሐኪምስ? በስምምነቱ መሠረት 100 እና ከዚያ በላይ ሰው ጭኖ ከሦስት ቀን በላይ ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርግ መርከብ ሐኪም መያዝ አለበት። ሠራተኛም ይቆጠራል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ግዴታ የለበትም፤ በጣም ትንሽ መርከብ ከሆነ ይህን ጠይቁ።

ኮንትራቱ ውስጥ የሚነበበው

ሰዓት ላይ አትሸወዱ። ደንቡ የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ነው። ሒሳቡን ስትሠሩት ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ 77 ሲቀነስ 91 ይቀራል። በሳምንት 91 ሰዓት ማሠራት በዚህ አቆጣጠር ሕጋዊ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ቪዲዮው ላይ የምታዩት የፀሐይ መጥለቂያ የዕረፍቷ ሃያ ደቂቃ ናት። ያለ ዕረፍት ቀን ለወራት መሥራት የተለመደ ነው፤ 12 ወርና ከዚያ በላይ ሳይመልሷችሁ ማቆየት ግን አይችሉም፣ መመለሻውም በእነሱ ወጪ ነው።

ደመወዝ ላይ አንድ መነሻ ልስጣችሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለሠለጠነ መርከበኛ ያስቀመጠው የወር ዝቅተኛ መነሻ በ2025 እ.ኤ.አ. 673 ዶላር ነበር፤ ከ2026 መጀመሪያ 690 ሆኗል። ይሄ የመርከበኛ እንጂ የአስተናጋጅ ወይም የክፍል አጽጂ ወለል አይደለም፤ ግን «ለጀማሪ 3,000 ዶላር» የሚላችሁን ሰው ለመመዘን ይበቃል።

ጉርሻም ይለያያል። እንደ ሲልቨርሲና ሲቦርን ያሉት ጉርሻ በትኬቱ ውስጥ ተካቷል ነው የሚሉት፤ እንግዳው ኪሱን እንዲነካ አይጠበቅም። ለሠራተኛ ጥሩም መጥፎም ነው። ገቢው አይዋዥቅም፣ ግን በጉርሻ አድጋለሁ ብሎ ያሰበ ያዝናል። ስለዚህ ኮንትራቱ ላይ «መሠረታዊ ደመወዝ» እና «ጠቅላላ» ተለይተው መጻፋቸውን እዩ። ኢንተርኔትም ጠይቁ። ስታርሊንክ አብዛኞቹ ዘመናዊ መርከቦች ላይ ገብቷል፤ ለሠራተኛ ነፃ መሆኑና አለመሆኑ ግን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ሰባት ወር ቤተሰብ ሳያዩ ለመቆየት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ብሩን የሚከፍለው ማነው?

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በዚሁ ኤምኤልሲ ስምምነት ቀጣሪ ወይም ደላላ ከባሕር ሠራተኛ የማስቀጠሪያ ክፍያ መቀበል አይችልም። ሠራተኛው የሚከፍለው የጤና ምስክር ወረቀት፣ የባሕርተኛ መታወቂያ ደብተርና ፓስፖርት ነው። ቪዛ እንኳ የባለ መርከቡ ወጪ ነው። የኛም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተመሳሳይ መንፈስ ነው ያለው፦ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና ኢንሹራንስ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫ፣ የጤና ምርመራና የመሳሰሉት የሠራተኛው። ኤጀንሲውም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። የክፍለ ከተማችን ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የኤጀንሲውን ስም መጠየቅ ነፃ ነው።

ሥልጠና ደግሞ ሌላ ነው። መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው መሠረታዊ የደህንነት ሥልጠና ያስፈልገዋል፦ ውሃ ላይ ራስን ማዳን፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ። ይህን ማንም ፎቅ ላይ ቢሮ የከፈተ ሰው በሁለት ቀን ሰርተፊኬት አትሞ ሊሰጥ አይችልም፤ ውሃና እሳት ይፈልጋላ። በአገራችን የባሕርተኛ ሥልጠና የሚታወቀው ቢሾፍቱ ባቦጋያ አካዳሚና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋም ነው፤ ትኩረታቸው በአብዛኛው ኢንጂነርና ኤሌክትሪሺያን ላይ ነው። የባሕርተኛ ደብተር የሚሰጠው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። የሚታየኝን ልናገር፦ ወደ መርከብ የሚያስገባው የተሻለው የኢትዮጵያ በር ዛሬም በሞተር ክፍል በኩል እንጂ በምግብ አዳራሽ በኩል አይደለም።

የአሜሪካ ወደብ የሚነካ መርከብ ከሆነ ሲ1/ዲ የሚባል የሠራተኛ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፣ ኤምባሲ ቀርባችሁ ቃለ መጠይቅ ታደርጋላችሁ፣ የቀጣሪውም ደብዳቤ ይጠየቃል። «ቪዛው በእጃችን ነው» ማለት የሚችል ደላላ የለም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ

እያንዳንዱ የመንገደኛ መርከብ «አይኤምኦ» የሚባል ሰባት አሃዝ ቁጥር አለው። ባለቤቱ ቢቀየር፣ ስሙ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር አስቡት። ቁጥሩ ደግሞ ራሱን የሚፈትሽ ሒሳብ አለው። ለምሳሌ 9074729 የሚል ቁጥር ተሰጣችሁ እንበል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አሃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዙ፦ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21፣ 4። ድምሩ 139። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ 9 ነው፤ የቁጥሩም መጨረሻ 9። ገጠመ። ካልገጠመ ቁጥሩ የፈጠራ ነው፤ ወይም አንዱ አሃዝ በስህተት ተጽፏል።

ቢገጥምም አልጨረስንም፤ አጭበርባሪ የእውነተኛ መርከብ ቁጥር ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን «ኢኳሲስ» ላይ አስገቡ፤ ምዝገባው ነፃ ነው፣ ባለቤቱን፣ የምን አገር ሰንደቅ እንደሚያውለበልብና የተደረገበትን ምርመራ ያሳያል። ሰንደቁ ቀልድ አይደለም፤ ባሕር ላይ የሚሠራው ሕግ የሰንደቁ አገር ሕግ ነው። ባሃማስ፣ ማልታ፣ ፓናማ በብዛት ታያላችሁ፤ የፖናን መርከቦች የፈረንሳይን ነው የሚይዙት። ከዚያ «ማሪን ትራፊክ» ላይ መርከቡ አሁን የት እንዳለ እዩ። ደላላው «ሳምንት ዱባይ ትሳፈራላችሁ» እያለ መርከቡ ኖርዌይ ላይ እየተጓዘ ከሆነ ነገሩ አልቋል።

በመጨረሻ የኩባንያውን ድረ ገጽ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ፤ በተላከላችሁ ሊንክ አትግቡ። የሥራ ገጹ ላይ በየአገሩ የሚመለምሉላቸውን ወኪሎች ስም የሚዘረዝሩ ኩባንያዎች አሉ። የናንተ ደላላ እዚያ ከሌለ በቀጥታ ለኩባንያው ኢሜይል ጻፉ፤ አንድ መስመር ይበቃል፦ «ይህ ሰው የእናንተ ወኪል ነው?» ከጂሜይል የመጣ ኮንትራት ላይ ግን መልስ እስኪመጣ አንድ ብር አትላኩ።